የእህቴ የመጀመሪያ ባል

እስቲ ከመሃላችሁ የሚያምነኝ ካለ እጁን ያውጣ፤ እኔ የገዛ ታላቅ እህቴን አግብቼ አውቃለሁ። አዎ! እኔ በሱፍ በክራቫት፣ እሷ በቬሎ። አየሽ፣ አንቺ ሳቅሽ እንጂ እጅሽን አላወጣሽም። ቆይ ብቻ።

በኛ ጊዜ፣ በደርግ ጊዜ ማለቴ ነው፣ ውጭ አገር ሆኖ ማግባት ቀላል እንዳይመስላችሁ። እህቴ ገነት ነጻ የትምህርት ዕድል ደርሷት ቡልጋሪያ ሄደች፣ እና እዚያው ከሚማር ያገራችን ልጅ ጋር ተዋደደች፣ ዳዊት ይባላል። ታዲያ አንድ ቀን ደብዳቤ መጣ። «እማዬ፣ ዳዊት ትምህርቱን ሊጨርስ ሁለት ወር ቀረው። ከተጋባን እኔ እስክጨርስ አብሮኝ እንዲቆይ ይፈቀድለታል፣ ካልተጋባን ግን አገር ቤት ተመልሶ የት ጠረፍ እንደሚመደብ አይታወቅም። የዚህ አገር መዘጋጃ ቤት ደግሞ ያላገባሽ መሆንሽን የሚገልጽ ወረቀት ካላመጣሽ አላጋባሽም አለኝ። ድረሱልኝ» ትላለች። ወረቀቱን የሚሰጠው ቀበሌ ነው፣ ቀበሌ ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ የሚያውቋት ሦስት ምስክሮች ይላል፣ ከዚያ ይተረጎማል፣ ከዚያ ውጭ ጉዳይ ማኅተም ይመታበታል፣ ከዚያ ኤምባሲው ማኅተሙ ላይ ማኅተም ይመታበታል። እማዬ ይሄን ስትሰማ «እዋይ! ለማግባት ነው ወይስ ለመዝመት?» አለች። እማዬ የትግራይ ሰው ናት፣ ስትደነግጥ ትግርኛው ይቀድማታል።

እኔ ያኔ አሥራ አምስት ዓመቴ ነው። ደብዳቤውን የማነብላት እኔ ነበርኩ፣ እና «ያላገባሽ መሆንሽን» የሚለው ላይ ስደርስ አቋርጬ እማዬን ሰረቅ አድርጌ አየኋት። ለምን? እሱን እኮ ነው የማጫውታችሁ።

ካንድ ዓመት በፊት ገነት ልትሄድ ስትል ለፓስፖርት ጉርድ ፎቶ ልትነሳ ፒያሳ ጋሽ ክፍሌ ፎቶ ቤት ሄድን። ያኔ ፎቶ ቤት ውስጥ ቬሎም ሱፍም ተሰቅሎ ይጠብቃችኋል፣ የሌለው እዚያው ለብሶ ይነሳል። ታዲያ እኔ «ጋሽ ክፍሌ፣ በሞቴ ይቺን ቬሎ ያልብሱልኝ፣ ስታገባ ሩቅ ሆና አናያትም» አልኩ። ገነት «ሂጂ፣ ፋራ!» እያለች ለበሰች። «ሙሽራውስ?» አሉ ጋሽ ክፍሌ። ሙሽራውማ እኔ! ሱፉ ውስጥ ገባሁ፣ ፀጉሬን በባርኔጣ ደበቅሁ፣ እሳቸው በዓይን ኩል ሪዝ ሣሉልኝ፣ አነሱን። ሳቅን፣ ሄድን፣ እሷም ወደ ቡልጋሪያዋ ሄደች።

ጋሽ ክፍሌ ግን ፎቶው አማራቸው። ትልቅ አድርገው አጥበው መስታወቱ ላይ ሰቀሉት፣ ወደ መንገዱ አዙረው! የኛ ሰፈር ዶሮ ማነቂያ በሙሉ አየው። ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ያዙኝና «አንቺ፣ ገነት አግብታ ነው እንዴ የሄደችው? ማነው ባልየው?» አሉኝ። እና እውነቱን እነግራቸዋለሁ? እኔ? «የመርከብ ካፒቴን ነው እትዬ፣ ምጽዋ ነው ያለው። ግን በድብቅ ነው፣ እማዬ እንዳትሰማ» አልኳቸው። እማዬ ዓይኗ ደከም ያለ ነው፣ መስታወት ለመስታወት አትዞርም፤ እና ሰፈርተኛው ዓመት ሙሉ ለገነት ምስጢር ጠበቀላት። እትዬ አስካለ በየሳምንቱ ጠጋ ብለው «ካፒቴኑ ደህና ነው?» ይሉኛል በሹክሹክታ፣ እኔም «ሰላም ብሎዎታል» እላለሁ።

እንግዲህ ቀበሌ ሄድን። ምስክሮቹ እትዬ አስካለ፣ ልብስ ሰፊው ጋሽ ተክሌና አንድ ጡረተኛ ጎረቤታችን ናቸው። ሊቀመንበሩ ብዕራቸውን ይዘው «ጓድ አስካለ፣ ገነት ባል አግብታ አታውቅም?» ሲሉ እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ጣራውን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ በሐሰት የመሰከረ ይታሰራል አይደል?»

«በደንብ አድርጎ!»

«እንግዲያው እኔ አልታሰርም። አግብታለች። ካፒቴን።»

ጋሽ ተክሌም «እኔም በዓይኔ አይቻለሁ፣ ፒያሳ ተሰቅላለች» አሉ፣ ጡረተኛውም ራሳቸውን ነቀነቁ። ሊቀመንበሩ ብዕራቸውን ከደኑ። «ባል እያላት ሌላ ባል? ወረቀቱ አይሰጥም!»

እማዬ አልጮኸችም። ብትጮህማ ዝም እል ነበር። ቀስ ብላ አግዳሚው ላይ ቁጭ አለችና «ጓለይ ደብቃኝ አገባች?» አለች፣ ልጄ ማለቷ ነው። ገነት ታየችኝ፣ ፖስታ ስትጠብቅ፤ ዳዊትም ታየኝ፣ ሻንጣውን ሲያስር። እና ሳላስበው «ካፒቴኑ እኔ ነኝ!» አልኩ።

ሁሉም ወደኔ ዞሩ። ሊቀመንበሩ «በመንግሥት ቢሮ ትቀልጃለሽ?» አሉ።

«አልቀለድኩም ጓድ፣ ሙሽራው እኔ ነኝ!»

«ማስረጃ!»

ታዲያ ተሰልፈን ወደ ፒያሳ፤ ከፊት ሊቀመንበሩ፣ ቀጥሎ እማዬ፣ ምስክሮቹ፣ ከኋላ እኔ እንደ ሌባ። ጋሽ ክፍሌ ነገሩን ሲሰሙ ባንኮኒው ላይ ተደፍተው ሳቁ፣ እና ሱፉን አወጡ፣ ባርኔጣውን አወጡ፣ ኩሉን አወጡ። ለብሼ መስታወቱ አጠገብ ቆምኩ። መንገደኛው ተሰበሰበ። ሊቀመንበሩ ፎቶውን ያያሉ፣ እኔን ያያሉ፣ ፎቶውን፣ እኔን።

«አገጭሽን ወደ ቀኝ!» አዞርኩ።

«አትሳቂ፣ ፎቶው ላይ ኮስተር ብለሻል!» ኮስተር አልኩ።

እትዬ አስካለ ደረታቸውን ያዙ። «አንቺ ጉድ! እኔ እኮ መርከቡ እንዳይሰጥምበት ብዬ ለገብርኤል ጃንጥላ ተስያለሁ!»

«ታዲያ ጃንጥላውን ያስገቡ እትዬ፣ ይኸው በሰላም ደረስኩ!»

እማዬ እዚያው ቆነጠጠችኝ፣ ግን እየሳቀች ስለነበር አልጠነከረም።

ሊቀመንበሩ ጠንቃቃ ሰው ናቸው። «ገነት ያላገባች መሆኗ በሦስት ምስክሮች ተረጋግጧል» ብቻ ቢሉ ይበቃ ነበር አይደል? «የለም፣ ነገ አንዱ ፎቶውን አይቶ ቢጠይቀኝስ?» ብለው ጨመሩበት፦ «በፎቶ ቤቱ መስታወት ላይ የሚታየው ሙሽራ ታናሽ እህቷ መሆኗን ቀበሌው ልብሱን አስለብሶ በአካል አረጋግጧል።» ያ ሁሉ እንዳለ ተተረጎመ! ውጭ ጉዳይ ማኅተም መታበት፣ ኤምባሲው መታበት፣ ሄደ። ዳዊት ሊሳፈር ስድስት ቀን ሲቀረው ደረሰላቸው።

ከዚያ የገነት ደብዳቤ መጣ። «የመዘጋጃ ቤቷ ሴትዮ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበች፣ ሦስተኛውን ጓደኞቿን ጠርታ አነበበችላቸው፣ እና ዳዊትን ‹የቀድሞው ባል ተቃውሞ የለውም?› አለችው። የለውም አልናት። ተጋባን» ትላለች። ፖስታው ላይ የኔን ስም አልጻፈችም፣ ምን ብላ እንደጻፈች ታውቃላችሁ? «ለቀድሞው ባለቤቴ»።

ያው እስከ ዛሬ ስልክ ስትደውል «ባለቤቴ የነበረው ሰው ደህና ነው?» ትለኛለች፣ ዳዊትም ከጀርባዋ «ንገሪው፣ ሚስቴን አልመልስለትም» ይላል። ሃሃሃ! እና አሁን እጁን የሚያወጣ አለ? ጎሽ። እንግዲህ ስትወጡ ላገባም ላላገባም አውሩልኝ፣ በተለይ የዶሮ ማነቂያ ሰው ካገኛችሁ አደራ፤ እትዬ አስካለ ስንት ሰው ጋ እንዳደረሱት አላውቅም፣ ዛሬም «ያ ካፒቴን ምን ሆነ?» የሚሉኝ አሉ። በሰላም ደርሷል በሉልኝ።