ኬላው አንዷለም

ሄሎ? … ሄሎ፣ ትርንጎ ነኝ፣ ማን ልበል? … ደረበ! አንተ ነህ እንዴ? በማን ስልክ ነው የምትደውለው? … ሄሎ፣ ትሰማኛለህ? … እኔ አልሰማህም፤ ክፍሉ በሰው ጢም ብሏል። ቆይ ወደ መስኮቱ ልጠጋ። … እህ፣ አሁን ሰማሁህ።

… አዎ፣ ተረኛ ነኝ። እሁድ እሁድ ጤና ጣቢያው የማድረው እኔ አይደለሁ? … ጩኸቱማ የኛ ደጋፊ ነው። መተማ ዮሐንስ ዛሬ ቤቱ የገባ ሰው የለም፣ ልንገርህ። ሸሕዲን አሸንፎ ማን ቤቱ ይገባል?

— ጌች! ከበሮውን ወደ ውጭ አውጡልኝ! ታማሚ ተኝቷል አላልኩም? … ወንድሜ ነው። አዎ፣ ያ የሸሕዲው ዘጠኝ ቁጥር።

ደረበ፣ የደጋፊዎቻችን አለቃ ሰላም ብሎሃል። … ምን አደረጋችሁ? ገመድ? … ቆይ፣ መጀመሪያ ልሳቅ። … መውጫው ላይ ገመድ ዘርግቶ ቅጥቅጣችሁን አስቆመው? «ፍተሻ ነው፣ ጎል የያዘ ካለ ይውረድ» አለ? … ወንበር ስር ሁሉ ጎንበስ ብሎ አየ? … «ባዷቸውን ናቸው፣ ይለፉ» ብሎ ገመዱን ጣለላችሁ? ውይ ጌች፣ እድሜ ይስጥህ!

… አልሳቅሁም። … እሺ ስቄያለሁ፣ ምን ይሁን? አምና አራት አግብታችሁብን ስትመለሱ በስልክ ምን ነበር ያልከኝ? «እትዬ፣ ተከላካዮቻችሁን ለሰሊጥ መንፊያ አከራዩዋቸው» አላልክም? … ብለሃል! ያን ቀን እኔ እራት ሳልበላ ነው የተኛሁት። ዛሬ ተራው የኛ ነው፤ ቻለው።

… ማን ነው ከሃዲ? እኔ? … የተወለድኩት ሸሕዲ ነው፣ እሱን ማን ካደ? የምኖረው ግን መተማ ነው። በሥራ መጥቼ ሰዉ አቅፎ ያዘኝ፣ እዚሁ ቀረሁ። ታዲያ ለማን ልጩህ? እዚህ ተቀምጬ ለናንተ ላጨብጭብ? አላደርገውም። ለእናታችንም ነግሬያታለሁ፣ አላደርገውም።

… ዕድል ነው? ዕድል አትበለኝ! … አይ አይ፣ «እትዬ እትዬ» እያልክ አትደልለኝ፣ መጀመሪያ ስማ። ዘንድሮ እኛ ያለን ተከላካይ አይደለም፣ ኬላ ነው። ሰዉ ሁሉ «ኬላው» ነው የሚላቸው። ያለ ዲክላራሲዮን ኳስ አያልፍም! አምና እኮ ሁለቱ የመስመር ተከላካዮቻችን ጎል እናግባ ብለው ወጥተው ሳይመለሱ ነበር እናንተ በሰፊው ስትገቡ የነበረው። አሁን እንደዚያ የለም። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል። በረኛው ገና አፉን ሳይከፍት ሁሉም ቦታ ቦታውን ይዟል። ዛሬ ጎሏን ማን እንዳገባት እንኳ የሚጠይቅ የለም እኮ፤ የሚዘፈነው ለተከላካይ ነው። እንደዚህ ያለ ነገር አይተህ ታውቃለህ?

… ማን መሰለህ እንደዚህ ያደረጋቸው? አንዷለም ነዋ! የሒሳብ አስተማሪው፣ መሀል ተከላካያችን! ከትምህርት ቤት ሲወጣ ሜዳው ላይ ጠጠር እየደረደረ «አንተ ይሄ ነህ፣ አንተ ያ ነህ፣ ይሄ ሲሄድ አንተ ወዲህ ና» እያለ በዚህ ሙቀት ዓመቱን ሙሉ ደከመባቸው። ስንቱ ሳቀበት መሰለህ። «ኳስ በጠጠር ይማራል ወይ» እያለ ጌች ራሱ ስቆበታል፤ አሁን እዚህ ከበሮ ይመታል። እስኪ አንተ ዛሬ ስንት ጊዜ ወደ ጎል መታህ? … አንድ! እሷንም ከርከዴ ሻጯ ጋ ነው የላክኻት። ብርጭቆዋን ሰብረህባታል፣ ታውቃለህ?

— አዎ አንዷለም፣ አሸንፈናል። አንድ ለዜሮ። ተኛ አንተ፣ ደክሞሃል።

… እሱ ራሱ ነው፣ እዚሁ አልጋ ላይ ነው። … ደህና ነው፣ ሙቀት ነው። ፊሽካው ሲነፋ ደጋፊው ትከሻው ላይ አውጥቶ እያዞረው እያለ ድንገት ተዝለፈለፈባቸው። በሚያዝያ ፀሐይ እንደዚያ ሲሮጥ የዋለ ሰው ቢወድቅ ምን ይገርማል? ውሃ አፍስሰንበታል፣ ስኳርና ጨው በጥብጬም እያጠጣሁት ነው። ትንሽ አስመልሶታል። … አይ፣ ወባ የለበትም፣ ደሙን አይቼዋለሁ። እዚህ አገር የወደቀ ሁሉ ወይ ወባ ነው ወይ ሙቀት ነው፤ ወባ ካልሆነ ሙቀት ነው።

… የምን ፔናሊቲ? … ኧረ በሕግ አምላክ! ያቺን ነው? ያቺን አንዷለም በቴስታ ያወጣትን? … ደረበ፣ ሜዳ ሙሉ ሰው አይቷል እኮ! መሬት ለመሬት የመጣች ኳስ ላይ ተወርውሮ በጭንቅላቱ አወጣት። አንተ እግርህን ስታነሳ እሷ ውጭ ነበረች። ሰዉ ሁሉ ኳሷን በዓይኑ እየተከተለ ነው የጮኸው፤ እኔማ ድምፄ የተዘጋው እዚያ ላይ ነው። ከዚያ ተነሳ፣ ማሊያውን አራገፈ፣ እስከ መጨረሻው ተጫወተ። ፋውል ሠርቶ ቢሆን ዳኛው ዓይን የለውም? … ኸላስ! አለቀ! ዳኛው ነፍቷል፣ ተሸንፋችኋል።

— አሸንፈናል አልኩህ እኮ አንዷለም። አንድ ለዜሮ። … አታስቁት፣ ይረፍበት! … ጭነት መኪናው ይጠብቃ፣ ጌች። ከተማውን ለመዞር ምን አስቸኮላችሁ? ልጁ ትንሽ ቀዝቀዝ ይበልና ትጭኑታላችሁ።

… አቤት ደረበ፣ አለሁ። … ምንህን አመመህ? ጉልበትህን? … ስታነክስማ አይቼሃለሁ፤ የተሸነፈ አጥቂ ሁሉ ያነክሳል ብዬ ነው ዝም ያልኩህ። … ማን መታህ? … አንዷለም? በምኑ? … በጭንቅላቱ? ሂድ ወዲያ! ጉልበቴን በጭንቅላቱ መታኝና ፔናሊቲ ይሰጠኝ ነው የምትለው? አንተ ልጅ፣ ሰው ምን ይልሃል—

ቆይ።

ደረበ፣ እስኪ እንደገና ንገረኝ። … አይ፣ አሁን እየቀለድኩ አይደለም። ኳሷን ካወጣት በኋላ ነው? … እሺ። አንተ ልትመታ እግርህን አነሳህ፣ ኳሷ የለችም። … ጉልበትህ የቱ ጋ አገኘው? … ከጆሮው በላይ። በቀኝ። … ድምፅ ነበረው? … ምን ዓይነት ድምፅ? … ጉልበትህ እስካሁን አይታጠፍም?

ስልኩን እንዳትዘጋው! ያዘው፣ እንዳትዘጋው!

— አንዷለም፣ ወንድሜ፣ እስኪ ወደኔ ዙር። … አሸንፈናል፣ አዎ፣ አሸንፈናል። እኔን እይኝ። ማን እባላለሁ? … ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው? … ጌች፣ ከመሳቢያው ባትሪውን አቀብለኝ። ፍጠን! … አንዷለም፣ ብርሃኑን እይ። ዓይንህን አትጨፍን። … አምላኬ ሆይ። … ማነሽ አንቺ፣ ውሃውን ተዪ! ማንም ምንም እንዳያጠጣው! አንዲት ጉንጭ እንዳታጠጡት!

ደረበ፣ አለህ? … ሙቀት አይደለም። … አይደለም አልኩህ! ፀጉሩ ሸፍኖት ነው እንጂ ከጆሮው በላይ አብጧል። እጄን ሳሳርፍበት እንደ ሊጥ ነው። አንዱ የዓይኑ ብሌን ከሌላው ሰፍቷል። መላልሶ ያንኑ አንድ ነገር ይጠይቀኛል፣ እኔም እየሳቅሁ እመልስለታለሁ! ደስታው አናቴ ላይ ወጥቶ ነው። … ጭንቅላቱ ውስጥ ደም እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል፣ ገባህ? ሆስፒታል መግባት አለበት። አሁን ነው፣ ሳይመሽ።

… አምቡላንሱ የለም፣ ምጥ የያዛትን ይዞ ጎንደር ሄዷል። … የነጌችን ጭነት መኪና? ሰሊጥ አደረግኸው እንዴ? አናቱ እየተንገጫገጨ አላስጭነውም። … እናንተ የት ደረሳችሁ? … ገና ኮኪት? … ጎማ ፈነዳባችሁ? … ቀይራችሁ ጨረሳችሁ? እሰይ! እንኳን ፈነዳ! በሉ አዙሩት። ቅጥቅጡን አዙሩትና ኑ።

… ምን ማለት ነው «እምቢ ይላሉ»? … በየትኛው ፊታቸው? በዚያው በሄዱበት ፊት ይምጡ! … ይሳቅባቸው! ሳቅ ማንን ገደለ? እኔ አምና ስቃችሁብኝ ሞቻለሁ? … ገመዱን አስነሳዋለሁ። ቢያስፈልግ እኔው መንገዱ መሀል እቆማለሁ። መተማ ውስጥ አንድ ሰው አፉን ቢከፍትባችሁ ከኔ ጋር ነው ጉዳዩ።

… ደረበ? … ምን ሆንክ? ለምን ታለቅሳለህ? … ማን ነው «ሆን ብለህ» የሚልህ? … እኔን መልስልኝ፤ ሆን ብለህ ነው? … በቃ። አምንሃለሁ። አሳድጌሃለሁ እኮ፣ ስትዋሽ አውቅሃለሁ። ኳስ ፍለጋ ሄድክ፣ እሱም መጣ፣ ተጋጫችሁ። ግን ይሄን ለኔ የነገርከኝን ሐኪሙ ፊት ቆመህ ትነግረዋለህ። የት እንደመታው፣ መቼ እንደመታው፣ ድምፁ ምን ይመስል እንደነበር፣ አንዲት ሳታስቀር። ካንተ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም። መተማ ሙሉ ቁጭ ብሎ ኳሷን ነው ያየው። … ይደበድቡኛል? እኔ ቆሜ? ይሞክሯት!

— ምን አልክ ጌች? … በሸሕዲ መኪና አይሄድም? … ሸሕዲ አይገባም? አንተ ሰው፣ ሆስፒታሉ ያለው ሸሕዲ ነው! ጠዋት መተማ ላይ ሆስፒታል ልትሠራልኝ ነው? … ክብር? የማን ክብር? ቀኑን ሙሉ «ኬላው፣ ኬላው» ስትል ዋልክ፤ ኬላው ግንብ መሰለህ? የሰው አናት ነው እኮ! ያቺን ጎል በአናቱ ነው ያዳናት፣ አንተ በከበሮህ አይደለም። ከወደድከው በዚያ በኩል ቃሬዛውን ያዝ፣ ካልወደድከው ከፊቴ ዞር በል። … እንደሱ። አንገቱን ቀጥ አድርገህ ያዘው፣ ወዲህ ወዲያ እንዳይል። … አሁን አይለቀስም፣ ጌች። ያዝ ብቻ።

ደረበ፣ ሾፌራችሁ ማን ነው? … ጋሼ ማዕረግ? እሳቸውን ስጠኝ። … ሄሎ፣ ጋሼ ማዕረግ፣ እንደምን ነዎት? ትርንጎ ነኝ፣ የደረበ እህት። … እግዜር ይመስገን። ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ለጨዋታ ጊዜ የለኝም። ሰው ሊሞትብኝ ነው። ልጆቹ አንመለስም ካሉ እዚያው ኮኪት ያውርዷቸውና መኪናውን ባዶውን ይዘውልኝ ይምጡ። ደረበን ብቻ አያውርዱት፣ እሱ ለሐኪሙ ያስፈልገኛል። … እርስዎም የሸሕዲ ደጋፊ ነዎት፣ አውቃለሁ። እኔም የመተማ ነኝ፣ ነገም የመተማ ነኝ፣ አልደብቅዎትም። ለምኜ አይደለም ግን የምነግርዎት፤ መምጣት አለብዎት ነው የምለው! … ምን አሉኝ? … ሄሎ፣ እየተቆራረጠብኝ ነው … መቼ አዞሩት? … ደረበ ማልቀስ ሲጀምር? … አሁን ወደኛ እየመጣችሁ ነው? … ኧረ ጋሼ! እድሜዎን ያርዝምልኝ! … ልጆቹስ? ኮኪት ቀሩ? … አንድም ሰው አልወረደም?

… አንድም?

… እሺ። እሺ ጋሼ። … የለም፣ ጉንፋን ነው። ደረበን መልሱልኝ እስኪ።

ደረበ። … ምንድን ነው የሚንኳኳው? … ለቃሬዛው ቦታ እንዲሆን የኋላውን ወንበር እየፈቱ ነው? በእጃቸው? … ጎሽ! ብሎኑን እንዳትጥሉት ብቻ፣ የጋሼ ማዕረግ መኪና ነው። … እኛ መውጫው ላይ እንጠብቃችኋለን፣ ተሸክመነው እየወጣን ነው። ከከተማው ጫፍ ጀምራችሁ ጥሩምባ ንፉ፣ ሰዉ መንገድ ይልቀቅ። … ጌችም ይሳፈራል። አንገቱን የያዘው እሱ ነው፣ እስክንደርስ እጁን አያነሳም። … ከናንተ ጋር ነዋ፣ ሌላ መኪና የት አለ? ቦታ ስጡት። አንድ ቃል እንዳትናገሩት፣ እሱም አይናገራችሁም።

… አይሞትም። … ደረበ፣ ስማኝ፣ አይሞትም አልኩህ! እኔ ነኝ የምልህ።

— አንዷለም? … አንዷለም! እንዳትተኛ! ዓይንህን ግለጥ! እኔ እዚህ ቆሜ አንተ አትተኛም፣ ትሰማኛለህ?

… ፍጠኑ በላቸው። መብራት አብሩና ፍጠኑ። ልዝጋው፣ ሁለቱም እጄ ያስፈልገኛል።