ጤዛ የጠጣው በርበሬ

የታኅሣሥ ሚካኤል ዕለት ማለዳ ነው። ቡሬ ገጠር ያለውን አጎቴን ጠይቄ ወደ ፍኖተ ሰላም ስመለስ፣ ወደ አስፋልቱ የሚያወጣውን የእግር መንገድ ጭጋግ ውጦት ነበር። ከፊቴ ያለውን ቁጥቋጦ የማየው አጠገቡ ከደረስሁ በኋላ ነው። በየደጁ የተሰጣው በርበሬ ብቻ በጭጋጉ ውስጥም ቀልቶ ይታያል፤ ማታ የጠለቀችው ፀሐይ ከሰማይ ወርዳ በየሰው ግቢ ያደረች ይመስል ነበር። ነቅቼ ይሁን ገና በሕልሜ እየሄድሁ ሳልለይ፣ ከአስፋልቱ ዳር የሰው ድምፅ ሰማሁ።

«እኔ ገደፋው ሌባ ነኝ?»

«ሌባ ነዎት ያለ ማን ነው፣ አባ?»

«እንግዲያው ምን በይኝ!»

ቀረብ ስል አየኋቸው። የአጎቴ ጎረቤት አያ ገደፋው ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው፣ በደረደሯቸው የበርበሬ ጆንያዎች ላይ ተቀምጠው መኪና ይጠብቃሉ። ልጃቸው ወይኒቱ አጠገባቸው ቆማለች። ወይኒቱ ባሕር ዳር ስለ ምግብ አያያዝ ተምራ ባለፈው ክረምት የተመረቀች ልጅ ናት።

«እንዴት አደሩ፣ አያ ገደፋው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ና መልካሙ፣ አንተም የተማርህ ነህ፤ ና ዳኘን። ይችን ልጅ ከአፏ የሚያስጥለኝ አጣሁ።»

ነገሩን ሲያጫውቱኝ እንዲህ ነው። በዚያ ሰሞን በየሰው ስልክ አንድ ቪዲዮ ይዞር ነበር፤ በርበሬ ውስጥ የሸክላ ገል እየተፈጨ ይገባል የሚል። ሰው ፈራ። ፍኖተ ሰላም የባልትና ሱቅ ያላት ወይዘሮ አቻምየለሽ፣ የአያ ገደፋውን በርበሬ ለብዙ ዓመት ጆንያውን እንኳ ሳትፈታ ስትወስድ የኖረች ደንበኛቸው፣ «ዘንድሮ ይቅርብኝ፣ ገዢው ሸሽቷል» ብላ ላከችባቸው። ሌሎቹ ነጋዴዎች የእሷን ዓይን ነው የሚያዩ። እሷ ከተወች የመንደሩ በርበሬ ሁሉ ደጅ ላይ ሊቀር ነው። ስለዚህ አያ ገደፋው ቆረጡ፦ ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ በሚካኤል ደጅ፣ አቻምየለሽና ሽማግሌዎች ባሉበት፣ በርበሬያቸው ንጹሕ መሆኑን ሊምሉ ነው።

«እኔ የምሸጥ ዛላውን ነው!» አሉ ወደ እኔ ዞረው። «ያልተፈጨ ዛላ ውስጥ ገል በምን ይገባል? በመርፌ ልውጋው?»

ወይኒቱ ሳቀች። «በዚህስ እውነትዎን ነው። ቪዲዮው የት እንደተቀረጸ የሚያውቅ የለም፤ እኔም አላመንሁትም። እኔ የምለው ስለ ገሉ አይደለም፤ ስለ ጤዛው ነው።»

«ይኸው! ደግሞ ጤዛዋን ጀመረች!»

ጤዛው ምን እንደሆነ ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። በፀሐይ በደንብ የደረቀ ዛላ እንደ ቅጠል ይሰባበራል። ገበያው ደግሞ ረጅምና ያልተሰበረ፣ የሚያብረቀርቅ ዛላ ይወዳል። በዚህ ምክንያት አገሬው በርበሬውን ጆንያ ውስጥ ሊከትት ሲል፣ ቀድሞ አንድ ሌሊት ሜዳ ላይ ዘርግቶ ጤዛ ያጠጣዋል። ጠዋት ዛላው እንደ ቆዳ ይለሰልሳል፤ ተጠቅጥቆ ይገባል፣ ጆንያውም ይሰፋል። ማንም ሰው ይህን ማታለል ነው ብሎ አያውቅም። ከአባት የወረሱት የእጅ ሙያ ነው።

«አባቴም እንዲሁ ነው ያደርግ የነበረው» አሉ አያ ገደፋው። «ጤዛ የእግዚአብሔር ነው፣ ከሰማይ ነው የሚወርድ። እኔ ውኃ አልረጨሁበት!»

«ዝናብም ከሰማይ ነው የሚወርድ፣ አባ። የታጨደ ጤፍዎ ላይ ሲወርድ ግን ደስ ሲልዎት አላየሁም።»

«ሰማህ መልካሙ? በበርበሬ አስተማርኋት፤ ተመልሳ በርበሬውን ታማልኝ ጀመር።»

«አላማሁትም። እርጥቡ ዛላ ተጠቅጥቆ ሲሰፋበት መተንፈሻ ያጣል፤ ከውጭ እንዳማረ ከውስጥ ይሻግታል። አንዳንዱ ሻጋታ ደግሞ መርዝ ያወጣል። አፍላቶክሲን ይሉታል።»

«አፍላ... ምን? ስሙ ራሱ ያስነጥሳል!»

«ቢያቁላሉትም ቢያፈሉትም አይጠፋም። ዛሬ ተበልቶ ዛሬ የሚያም ቢሆን ድሮ በታወቀ ነበር። ቀስ ብሎ ነው ጉበትን የሚበላው።»

«ታዲያ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በልቼው ይኸው አለሁ አይደለም?»

«አሉ፤ እግዚአብሔር ያቆይልኝ። የሌሉትን ግን ማን ጠየቃቸው? በምን እንደሞቱስ ማን መረመረ?»

አያ ገደፋው መኪና መጣ እንደሆነ ወደ አስፋልቱ ተመለከቱ። ጭጋጉ በመካከላችን ሲያልፍ ለጥቂት ጊዜ የሁለቱም ፊት ጠፋኝ፤ የቀረው የበርበሬው ሽታ ብቻ ነበር።

«አንዱን ጆንያ ፈተን ብናየውስ?» አልሁ።

«የተሰፋ ጆንያ?» አሉ ደንግጠው። «አቻምየለሽ አንድ ቀን ፈትታ አታውቅም እኮ። መተማመን ማለት ይኸ ነው። ፈትቶ ያየ ሰውማ ምኑን አመነኝ?»

በዚህ ንግግራቸው ልስቅ አልደፈርሁም። ምን እንዳለበት ሳይጠይቁ ከሌላው እጅ ተቀብሎ መብላት ትልቅ ነገር ነው፤ አገር ሁሉ የሚኖረው በዚያ ነው። ግን ደግሞ ያን ያህል የታመነ ሰው፣ ያመኑት ሳያዩ እንዲበሉ ከማድረጉ በፊት እሱ ራሱ ማየት አይገባውም ይሆን? ይህን አሰብሁት እንጂ አልተናገርሁትም፤ ልጅየዋ በቂ ተናግራ ነበርና።

ከጆንያዎቹ ዳር አንዲት ትንሽ ጆንያ አየሁ። «ይችስ?»

«እሷ የወይኒቱ ስብርባሪ ናት» አሉ እንደማፈር ብለው። «ቆጥ ሠርታ እላዩ ላይ አደረቀችው። ጀምበር ስትጠልቅ ሸራ እያለበሰች፣ ልክ እንደ ሕፃን። ጭራሽ በቀትር ከተተችው፤ ግማሹ ተሰባበረ። አታዋርጅኝ፣ ተይው ብላት እሽ አላለችም።»

በዚህ መካከል አይሱዙ መጥቶ ቆመ። ጆንያዎቹን ጫንን፣ እኛም እላያቸው ላይ ወጣን። መኪናው በጭጋጉ ውስጥ ሲሄድ ምድሩ አይታይም፤ የዛፎች ራስ ብቻ ብቅ ብሎ ይጠፋል። የጋሪ ፈረስ ቃጭል ከአንድ ቦታ ይሰማል፣ ፈረሱ ግን የለም። ያን ጊዜ እኔም እንቅልፍ ይሁን ትካዜ ያዘኝና፣ ይህ የተሳፈርንበት በርበሬ በስንት ቤት ወጥ ውስጥ እንደሚገባ አሰብሁ፤ ለአራስ፣ ለልጅ፣ ለእንግዳ። ማንም አያየንም፤ ሁሉም ግን እጃችንን ያምናል።

የማንኩሳን ከተማ ስናልፍ፣ «አያ ገደፋው፣ ምን ብለው ነው የሚምሉት?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ምን እላለሁ! በዚህ በርበሬ ውስጥ የጨመርሁት ባዕድ ነገር የለም፣ ሰው የሚጎዳ ነገርም የለበትም፤ ቢኖርበት ሚካኤል ይፍረድብኝ እላለሁ።»

«እንግዲህ ቃሉ ሁለት ነው። የመጀመሪያውን፣ አለመጨመርዎን፣ እርስዎ ያውቃሉ፤ እኔም አምንዎታለሁ። ሁለተኛውንስ፣ ሰው የሚጎዳ የለበትም የሚለውን፣ በምን አወቁት?»

«እንዴ፣ የእጄ ሥራ አይደለም?»

«ከተሰፋ ወዲህ አይተውታል?»

ጋቢያቸውን ከአፍንጫቸው አወረዱ። ወይኒቱ አልጨመረችበትም፤ ያን ጊዜ አለመጨመሯ ከተናገረችው ሁሉ የበለጠ ረዳን። አባቷ የሚፈሩት ነገር ጥቂት ነው፤ የሐሰት መሐላ ግን ያስፈራቸዋል። ዓይናቸውን ከእኛ አንሥተው ጭጋጉን ሲመለከቱ ቆዩ። ከዚያ ከሥራቸው ያለውን ጆንያ ስፌት በጥርሳቸው በጥሰው ፈቱ።

ያወጡት ዛላ ያምር ነበር፤ ረጅም፣ ጥቁር ቀይ፣ ቅባት የተቀባ የሚመስል። መሐሉን ሰነጠቁት። ፍሬው ተያይዞ ረጥቧል፤ በላዩ አመድ የመሰለ አረንጓዴ ነገር በቅሎበታል። ሁለተኛው ንጹሕ ነበር። ፊታቸው ፈካ። ሦስተኛውን ሰነጠቁ፤ ቀና አላሉም። እጃቸውን ወደ ጆንያው ሆድ አስገብተው ሌላ አወጡና አሸተቱት።

«ይኸን ነው በሚካኤል ስም የምምልበት የነበረው?» አሉ በቀስታ።

«አላወቁም እኮ፣ አባ።»

«አንች ነግረሽኝ ነበር።»

«አነጋገሬ ደግ አልነበረም፤ ይቅር ይበሉኝ።»

«ይቅር ያልሁሽ ድሮ ነው፤ አሁን ያችን ስብርባሪሽን ወዲህ በያት።»

ትንሿን ጆንያ ወዘወዙ። በውስጧ ፍሬው እንደ ጸናጽል ተንሿሿ። አንዱን ሲሰነጥቁት ቀጭ ብሎ ተሰበረ፤ ውስጡ ብጫ ነው፣ ደረቅ። ሌላም፣ ሌላም ሰበሩ። ሁሉም እንደዚያው ነበር።

ፍኖተ ሰላም ስንደርስ ቅዳሴው አልቋል። ከሚካኤል ደጅ የሚወጣው ሕዝብ ነጭ በነጭ ሆኖ ከጭጋጉ ጋር ተቀላቅሏል። አቻምየለሽ ከሽማግሌዎቹ ጋር ቆማ ትጠብቅ ነበር፤ የደብሩ ቄስ አባ ሃይለ ሚካኤልም የእጅ መስቀላቸውን እንደያዙ አጠገባቸው ነበሩ። አያ ገደፋው ተሳልመው ቀና አሉና፣

«የመጣሁት ልምል ነበር» አሉ። «አልምልም።»

ሰዉ አጉረመረመ። «ታዲያ እውነት ነዋ!» ያለም ነበር።

«ገል አልጨመርሁም፤ በዕድሜዬ ባዕድ ነገር ጨምሬ አላውቅም። ጤዛ ግን አጠጥቻለሁ፤ እናንተም የምታጠጡ አላችሁ። ያመጣብኝን ይኸውና እዩ።» የሰነጠቋቸውን ዛላዎች በመዳፋቸው ዘረጉ። «ይኸን አልሸጥም። ለከብትም አልሰጥም። እቀብረዋለሁ።»

የዓመት ልፋታቸው ነበር። 

አቻምየለሽ አንዱን ዛላ ከመዳፋቸው አንሥታ አየችው። ከዚያ እንዲህ አለች፦ «አያ ገደፋው፣ በዚህ ሰሞን ስንቱ ሱቄ ድረስ መጥቶ ማለልኝ መሰለዎት። በማሉልኝ ቁጥር ፍርሃቴ ባሰ። ጉድለቱን አውጥቶ ያሳየኝ እርስዎ ብቻ ነዎት። ከእንግዲህ ደህና ነው ሲሉኝ፣ ደህና መሆኑን አውቃለሁ።» ቀጥላ ወደ ትንሿ ጆንያ ጠቆመች። «ይቺስ ምንድን ናት?»

«ተያት፣ ስብርባሪ ናት። አታምርም።»

አቻምየለሽ እጇን አስገብታ ዘገነችና ሳቋ መጣ። «እናንተዬ! እኔ እኮ ወስጄ የምፈጨው ነው!»

ደጁ በሳቅ ተሞላ። አባ ሃይለ ሚካኤልም ሳቁ። አያ ገደፋው ትንሽ ቆይቶ ነው የገባቸው፤ ከገባቸው በኋላ ግን እንባቸው እስኪፈስ የሳቁት እሳቸው ናቸው። ወፍጮ ለሚገባ ነገር ውበት ሲጠብቁ ስንት ዘመን ኖሩ!

«ቢሆንም አይቸኩሉ» አለች ወይኒቱ። «መርዙ ሁልጊዜ በዓይን አይታይም። ከዚህች ጆንያ ናሙና ባሕር ዳር አስመርምሬ ውጤቱ እስኪመጣ አንድ እፍኝም አይፈጭ።»

«እጠብቃለሁ» አለች አቻምየለሽ፤ ጠበቀችም። ውጤቱ ደህና ሆኖ መጣ፣ የወይኒቱ ስብርባሪም ተፈጭቶ ተሸጠ። የተቀሩት ጆንያዎች አያ ገደፋው ከጓሯቸው በቆፈሩት ጉድጓድ ገቡ። ያን ዓመት ቤታቸው ተቸገረ፤ ይህን መሸሸግ አይገባኝም። አንዳንዱ ጎረቤትም ጉድጓዱን እያየ ተሳለቀባቸው።

በዓመቱ፣ እንደገና በታኅሣሥ፣ በዚያው መንገድ ወደ አጎቴ ቤት አመሻሽ ላይ ሄድሁ። በየግቢው እንደ ወይኒቱ ያለ ቆጥ ቆሟል፤ በርበሬው ከምድር ከፍ ብሎ፣ ከአፈርና ከዶሮ እግር ርቆ ይደርቃል። አቻምየለሽ የመንደሩን በርበሬ ማንሣት ጀምራ ነበር፤ ሌሎቹ ነጋዴዎችም ተከትለዋት መጥተዋል። ሻጋታ የሚጥለው ስለቀነሰ ከአንድ ማሳ የሚተርፈው በዝቷል፤ እናቶችም የልጆቻቸውን ወጥ ሲሠሩ በርበሬውን የሚያምኑት ምክንያት ይዘው ሆነ። በስልክ የሚዞረው ወሬ አልቆመም፤ ከተማው ሲጠይቅ ግን አሁን መንደሩ የሚያሳየው ነገር አለው።

ጀምበሯ ስትገባ አያ ገደፋው ሸራቸውን ይዘው በርበሬያቸውን ሲያለብሱ ደረስሁ። በአጥር ላይ አንገታቸውን አውጥተው፣ «እንዴ አንት ቻላቸው! አልብሰው እንጂ፣ ጤዛው ሳይወርድ!» ብለው ጎረቤታቸውን ይጣራሉ። ከደጃፉ ሥር ለነገ ገበያ የተሞሉ ጆንያዎች ቆመዋል። ሁሉም ተሰፍተዋል፤ በእያንዳንዱ አፍ ላይ ግን እጅ የምታስገባ ያህል ክፍት ቀርቷል።

«ይኸን ምነው ሳይጨርሱት?» አልኋቸው።

«ጨርሼዋለሁ» አሉ አያ ገደፋው፣ የመጨረሻውን የሸራ ጫፍ እየሳቡ። «እሱ የገዢው እጅ መግቢያ ነው።»