ከአምባው ታሪክ እኔንም ሰርዙኝ

(እማማ ከዲጃ፣ አሶሳ አጠገብ ካለች የሰፈራ አምባ፣ ለእኔ ለትምህርት ቤቱ የታሪክ መምህርት እንደነገሩኝ)

በእኛ ጊዜ እኮ የሚዋሽ ሰው ቢያንስ ምስክሮቹ እስኪሞቱ ይጠብቅ ነበር። የዛሬው ምን አለበት፣ እኛው ተደርድረን በተቀመጥንበት ዓይን ዓይናችንን እያየ ይዋሻል፣ እናንተ ደግሞ ትጽፉለታላችሁ፣ ማኅተምም ትመቱበታላችሁ። አንቺን ነው ልጄ፣ ዞር ዞር አትበይ። የአምባውን ታሪክ የጻፍሽው አንቺ አይደለሽ?

ለነገሩ አንቺ ምን ታደርጊ። ማንን ጠይቂ አሉሽ? ይመርን። ለምን? ጮክ ብሎ ስለሚናገርና ኮት ስላለው። ታዲያ ያን ዕለት ትምህርት ቤቱ ግቢ ሰብስባችሁን ስታነቢ ምን አልሽ፣ «ሰፋሪዎቹ ሰው ያልረገጠውን ጫካ መንጥረው፣ በአቶ ይመር መሪነት የመጀመሪያውን ቤት ሠሩ፣ ለአካባቢውም ነዋሪ የቤት አሠራር አስተማሩ።» ወላሂ ጆሮዬ የከዳኝ መሰለኝ። አጠገቤ የነበረችውን ሰዓዳን «ምን አለች?» ብላት፣ «የሰማሽውን ነው» አለችኝ።

ሰው ያልረገጠው ጫካ። ስሚኝማ፣ በደርግ ጊዜ ከወሎ ተጭነን መጥተን ከመኪና ስንወርድ፣ የቆምንበት መሬት ላይ ያለፈው ዓመት የማሽላ አገዳ ነበር። ጫካ ማሽላ ይዘራል እንዴ? የአያ ሐሚድ እርሻ ነው። አያ ሐሚድ ከወንዙ ማዶ ካለው የበርታዎች መንደር ነው፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰውዬ። እርሻው ላይ ያሰፈረን መንግሥት ነው፣ እኛ ምን እናውቃለን፣ ብቻ ሰውዬው መጣ፣ ቆሞ አየን፣ አየን፣ እና ሄደ። በነጋታው ተመልሶ ሲመጣ ሊጣላን ነው ብለን ተሰበሰብን። እሱ ግን በቅል ገንፎ ይዞ «አሰላሙ አለይኩም» አለን።

እና ይመር ቤት ልሥራ ብሎ ተነሳ። መቼ? በክረምት። አያ ሐሚድ ከገበያ የለቃቀማት አማርኛ ነበረችው፣ በእሷ «አንተ ይመር፣ ዝናብ ቀርከሃ አይቆረጥም። ነቀዝ ይበላል። በጋ ይቆረጣል» ይለዋል። ወደ እኔ ዞሮ ደግሞ «አንተ ከዲጃ፣ ንገር ለእሱ» ይለኛል፣ እስኪሞት ድረስ አንተ እንዳለኝ ነው። ታዲያ ይመር ምን ቢል ጥሩ ነው? «እኔን የወሎውን ልጅ፣ ይሄ ሰውዬ ቤት አሠራር ሊያስተምረኝ?» እና ሠራ። ዓመት ሳይሞላ ነቀዙ ቀርከሃውን ዱቄት አደረገው፣ ምሳ እየበሉ ጣሪያው ተደረመሰባቸው፣ እሱና ሚስቱ አቧራ ለብሰው እየሳሉ ወጡ። ማን አቆመለት? አያ ሐሚድ። ምስጥ የማይደፍረውን እንጨት እየመረጠ፣ የእሱንም፣ የእኔንም፣ የሰዓዳንም ቤት።

ልጆቼን ከዚያ ክረምት ረሃብ ያወጣኋቸውም እሱ ባሳየኝ የቀርከሃ ቡቃያ ነው። ቀቅለሽ ውሃውን ትደፊና ደግመሽ ትቀቅይዋለሽ። መጀመሪያ እንጨት ሊያበላን ነው ብለን ሳቅንበት፣ ኋላ ድስቱን ጠረግነው። ይኼ ሰው ነው እንግዲህ ከይመር ቤት አሠራር የተማረው።

እና ያን ዕለት ከስብሰባው መሃል ተነሳሁ። «መምህርት፣ አያ ሐሚድ የት አለ?» አልኩሽ። አንቺ ወረቀትሽን ታገላብጫለሽ። የቀበሌው ሰው ብድግ ብሎ፣ «እናታችን፣ አስተያየትዎ ጥሩ ነው፣ ግን አንዴ ታትሟል፣ በሚቀጥለው ጊዜ ይታያል» አለ። በሚቀጥለው ጊዜ እኔ የት ነኝ? «እሺ» አልኩ፣ «እዚያ ላይ ቀዳሚ እናቶች ብላችሁ ስሜን ጽፋችሁ የለ? ሰርዙኝ። እሱ ካልነበረ እኔም አልነበርኩም።» ይመር ሳቀ፣ «ይሰረዝላት» አለ።

ታዲያ ሰዓዳ ተነሳች። «እኔንም።» ከኋላ ሙሄ፣ ከሰው ጋር መነጋገር ሞቱ የሆነው ሙሄ፣ «እኔንም» አለ። እና ሽማግሌው ሁሉ እያቃሰተ ይነሳ ጀመር፣ ጉልበት የለንም እኮ፣ አንዱ ተነስቶ እስኪቆም ሌላው ደክሞት ይቀመጣል፣ ብቻ ሁሉም «እኔንም»፣ «እኔንም»። ወረቀቱ ላይ ይመር ብቻውን ቀረ። «ይመር» አልኩት፣ «ብቻህን ስትሰፍር አልፈራህም?» ኮቱን ቆለፈ።

እና ይኸው ዛሬ ደብተር ይዘሽ መጣሽ። ቀድመሽ ብትመጪ ምን ነበረበት። በይ ጻፊ።

(እኔም፣ «እማማ፣ የአያ ሐሚድን ስም ከነአባቱ ይንገሩኝ» አልኳቸው።)

ከነአባቱ? ሐሚድ... ቆዪ። ሐሚድ...

የይመርን አባት አውቃለሁ፣ አያቱንም አውቃለሁ። የአያ ሐሚድን ግን... ገንፎውን በልቻለሁ፣ ባቆመልኝ ቤት ልጆች አሳድጌአለሁ፣ ሲሞት አልቅሻለሁ። የማን ልጅ ነህ ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅሁትም። ይመርን ስሰድብ ዋልኩ፣ ለካ እኔም አለሁበት። አፈርኩ ልጄ፣ ይኼንንም ጻፊው።

ሴት ልጁ አስያ ከወንዙ ማዶ አለች፣ ዛሬ ገበያ ስላልሆነ ከቤት አትጠፋም። ተነሺ፣ እጄን ያዢኝ። እዚያ ስንደርስ ግን እሷን ጠይቂ፣ እሷ ትናገር። እኔ ብዙ ተናግሬአለሁ።