ያለ መብራት የሚነበብ

ዳባት ላይ የጎልማሶች ትምህርት መዝጊያ ቀን ነው። መምህሩ ከፊት ቆሞ ላፕቶፑን ከፕሮጀክተሩ፣ ምስል አጉልታ ግድግዳ ላይ ከምትጥለው ከዚያች ሣጥን ጋር ያገናኛል። ጥሩዬ ከቤሩት የመጣው የልጇ መልእክት ያለበትን ስልክ ጉያዋ ውስጥ ይዛለች። ሰንብቷል፤ ማንበብ ግን አልቻለችም። ትምህርቱ ደግሞ «ሁሉም ማንበብ ችለዋል» ተብሎ ዛሬ ይዘጋል። እናም ድምጿን ለመምህሩ እንዲሰማ ያህል ብቻ ዝቅ አድርጋ ለጎረቤቷ ለዙፋን ታወራ ጀመር።

«እንዴት ከረምሽ እታለም? ገብሱስ? ውርጩ አልነካውም? እሰይ… ብርዱ እንኳ የተማረ ያልተማረ አይለይ።

ነጠላሽ ነጣ ብሏል፤ ለቪዲዮው ነው? ደግ አረግሽ። ፌስቡክ ላይ ስናነብ የደባርቅ ሰው ሁሉ አይቶናል አሉ። ያላየን እኛው ነን…

አንዳንዱን ሰው ሲፈጥረው ለማስተማር ነው። ሌላው መምህር ምን ያደርጋል? ፊልሙን ያቆማል፣ ፊደሉን በጣቱ ያሳያል፣ ‹ይች ማን ትባላለች?› እያለ ሰው ይጨቀጭቃል። የኛው እንዲያ ያስቸግራል? የንባቡን ፊልም ግድግዳው ላይ ይለቀዋል፣ ፊልሙ ውስጥ ያለችው ሴትዮ ታነባለች፣ እኛ እንከተላለን፣ እሱ ይቀርጻል። እንደ ዳዊት በቃላችን ያዝነው።

መብራት የጠፋ ለት ትዝ ይልሻል? ግድግዳው ድርግም አለ… እኛ ግን ማንበባችንን መች አቆምን! ‹ውኃ አፍልታችሁ ጠጡ› እያልን እስከ መጨረሻው መስመር። አብሮን የሚማረው ኪዳነ ማርያምማ ለግድግዳው ጀርባውን ሰጥቶ ነበር ያነበበ። ሊቃውንቱ እንኳ ፋኖስ ይሹ ነበር፤ እኛን ምን ቸገረን? መምህሩም ብልህ ነው፣ ጨለማውን ከቪዲዮው ቆርጦ ጣለው አሉ። እውነትም ጨለማን የሚያስወግድ መምህር!

‹የተማረ ይግደለኝ› ይባል የለ? እኔስ ያስተማረኝ በቃኝ…

የልጄ መልእክት? አለ፣ እዚህ ጉያዬ። ትመጣ እንደሆን፣ ታማ እንደሆን… ያቺ ሴትዮ ከግድግዳው ወርዳ አታነብልኝ። ለሰው ላስነብበው? የእናትና የልጅ ወግ ነው እኮ። ይሁን፤ ዛሬ የምስክር ወረቀቴን ስቀበል ለስልኩ አሳየዋለሁ፣ አፍሮ ራሱ ያነብልኝ ይሆናል።

መምህሩ ዞር አለ እንዴ? ይስማ፣ በደግ እኮ ነው የምናነሳው። እመቤቴ ማርያም ዕድሜና ጤና ትስጠው። አርጅቶ ዐይኑ ሲደክም፣ ልጁ ከሩቅ የላከችለትን ቃል የሚያነብለት… ልክ እሱ ያስተማረው ሰው አታሳጣው።»