ለቅሶ ቤት የሚዞረው ደብተር

እንደምን ዋላችሁ! ጋሼ አንለይን በጡረታ ልንሸኝ ነው የተሰበሰብነው። የክርስቲያኑ ሥጋ በቀኝ፣ የእስላሙ በግራ ነው፤ ብርዙ ግን የሁላችንም ነው። ንግግር አልለመድሁም። ዘበኛችን ደሳለው "ዙህራ፣ ከጤና ጣቢያው ሰው ሁሉ አንቺ ነሽ የምታውቂያቸው" ብሎ ስለገፋኝ ነው የቆምሁት፤ ካበላሸሁ እሱን ጠይቁት።

ጋሼ አንለይ፣ መጀመሪያ የመጡበትን ቀን እኔ ከሱቃችን በር ቆሜ አይቻለሁ። በአርባ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ነሐሴ ላይ ነበር። የጉማራ ወንዝ ሞልቶ መኪናው ሐሙሲት ቀረና፣ የመድኃኒቱን ሣጥን ተሸክመው በዚያ ጭቃ በእግር መጡ። ወረታ ሲገቡ የቀረዎት አንድ ጫማ ነበር። "አዲሱ ድሬሰር መጣ" ተብሎ ሰው ቢወጣ፣ አንድ እግሩ ባዶ! ወር ሳይሞላዎት ደግሞ ንዳድ ጣለዎት። መዝገቡን ገልጣችሁ እዩ፤ ተራ ቁጥር አንድ፣ "አንለይ ያየህ፣ ወባ" ይላል። የመጀመሪያው በሽተኛችን አካሚው ራሱ ነው።

ደብተሯንስ የማያውቅ አለ? አሁንም ኮታቸው ኪስ ውስጥ ናት፤ እጃቸውን እዩት፣ እየዳበሷት ነው። ሰው ለቅሶ ቤት ሲገባ "እግዜር ያጥናችሁ" ይላል። እርስዎ ግን ጥቂት ተቀምጠው፣ ድምፅዎን ዝቅ አድርገው "ስንት ቀን አተኮሰው?" ይሉና ከሟቹ ስም ጋር ደብተሯ ላይ ይጽፉታል። ወይዘሮ ገላነሽ "እኔ ስሞት አንለይን እንዳታስገቡት" ብላ ተናዛለች፤ ያው እዚያ ተቀምጣለች፣ ትካድ እስቲ።

የሚካኤል ነገርም አለ። ገበሬው በሥራ ቀን ሞፈሩን ጥሎ አይመጣም፤ በበዓል ሲመጣ ደግሞ እኛ ዝግ ነን። እርስዎ ወር በገባ በዐሥራ ሁለት መክፈት ጀመሩ። አባ ገብረማርያም ከቁሐር መጥተው በሚካኤል ቀን ሥራ ምን ማለት ነው ብለው ቢቆጡ፣ "አባቴ፣ ጌታስ በሰንበት ፈውሶ የለ?" አሏቸው። በወሩ አባ ራሳቸው ዓይናቸውን ሊታዩ መጡ፤ ያውም በሚካኤል ዕለት።

እንግዲህ ቀልዱን ልተወው።

በመጡበት ዓመት መዝገባችን ሦስት ቦታ የተሠመረ ነበር፤ አማራ የሚባለው ክርስቲያኑ፣ እስላሙ፣ ጣና ዳር ዓሣ አጥማጁ ወይጦ። መኸሩ ሲያልቅ በእስላሙ በኩል የወባ በሽተኛ አራት ብቻ፣ እነሱም ወንዶች፤ በወይጦው በኩል ባዶ። ከበላይ አንድ የጤና አለቃ መጥቶ አየና እስላምና ወይጦን ወባ አይደፍራቸውም ብሎ ጽፎ ሄደ። እርስዎ ግን መቃብር ቆጠሩ። በዚያ ጥቅምት ብቻ ከእኛ ከእስላሞቹ ሰፈር ዐሥራ አንድ ሰው ተቀብሯል። አንዱ የበኩር ልጄ መሐመድአወል ነው። አራት ዓመቱ ነበር።

ለቅሶ ላይ ሳለሁ መጡ። ስንት ቀን አተኮሰው ሲሉኝ ጠላሁዎት። "የሞተውን ልትጽፈው መጣህ?" አልሁዎት፣ አንተ ብዬ። ደብተሯን ጉልበትዎ ላይ አኖሩና "ለምን አላመጣሽውም?" አሉኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ማወቅ ፈልገው ነው የጠየቁኝ። ባሌ መሐመድዘይን ለንግድ አንበሳሜ ሄዷል፤ እኔ ወንድ ብቻ ያለበት ቤት ብቻዬን አልገባም፤ እናቴም አትገባም፣ ጎረቤቴ ቱርኪያም አትገባም። ክኒኑ የነበረው ከቤቴ መቶ እርምጃ ላይ ነው።

ይህን ስነግርዎት እንባዎ መጣ። "እንግዲያ ጥፋቱ የኛ ነው። አንቺ ነይና አብረሽኝ ሥሪ" አሉኝ።

መሐመድዘይን እንቢ አለ። እርስዎ ወር ሙሉ ከሥራ ሲወጡ ሱቁ እየመጡ፣ ጨው እየገዙ ለመኑት። ባለቤትዎ ጸሐይነሽ "ይኸ ሰው የማንን ከብት ሊያልስ ነው? ቤቱን በጨው ሞላው" ትል ነበር። መጨረሻ ላይ ባሌ "ሂጂለት፤ ሰውዬው በጨው ሊያልቅ ነው" አለኝ። ፊደል ያስቆጠሩኝ፣ መርፌ መቀቀል ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። በዓመቱ ቱርኪያ ልጇን አዝላ መጣች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ጣና ዳርም አብረን ወረድን። ሰው ደጁን የማይረግጠው የወይጦ ቤት ገብተው፣ የቀረበልዎትን ዓሣ በሉ። በሳምንቱ ሦስት እናቶች ከዚያ መጡ።

ወባ ዛሬም አልጠፋም። ዘንድሮም ከሰፈራችን ሁለት ቀብረናል፤ መሞት አልነበረባቸውም። እርስዎ አክመው ያተረፏቸው ልጆች ግን ውጭ እየጮኹ ነው፤ ይሰማል።

ጋሼ፣ ትናንት መዝገቡን ለአዲሱ ድሬሰር ሲያስረክቡ አይቻለሁ። ደብተሯን ግን አላስረከቡም። በመጀመሪያው ገጽ ላይ የልጄ ስም እንዳለ አውቃለሁ። መዝገብ ያልገባ ልጄ እርስዎ ኪስ ውስጥ ዐሥራ አራት ዓመት ኖረ። አላህ ይስጥልኝ፤ ሌላ ቃል የለኝም። አሁን ግን ደብተሯን ለኔ ይስጡኝ። ጡረታ የወጡት እርስዎ ነዎት፣ እሷ አልወጣችም፤ ከእንግዲህ ለቅሶ ቤት የምዞረው እኔ ነኝ።

እሰይ፣ ከኪስዎ አወጧት! ተቀበልሁ። ተመስገን።

በሉ፣ ብርዛችሁን አንሡ! ጋሼ አንለይ፣ እግዜር ዕድሜና ጤና ይስጥዎት፤ ያን ጨው ከጸሐይነሽ ጋር በልተው ይጨርሱት። ንዳድ ከነካዎት ደጃችን ክፍት ነው፣ በሚካኤልም ቢሆን። ስምዎን መዝገቡ ላይ ደጋግሜ እጽፋለሁ፤ በዚች ደብተር ግን አልጽፍዎትም። ለጋሼ አንለይ!