በየነ የመረጠው ባሩድ

አሥር አለቃ በየነን የማያውቅ ሰው አሰበ ተፈሪ ውስጥ አልነበረም፤ በሽጉጥ ዒላማ የሚደርስበት አልተገኘም። ለልምምድ የሚሆን ጥይት ስለማይበቃው የተተኮሰ ቀለህ እየለቀመ፣ ባሩድና እርሳስ እየሞላ መልሶ ይተኩሰው ነበር። ሐረር ላይ ውድድር ሊደረግ ሰሞን ታዲያ የሽጉጡ ባሩድ አለቀበት፤ ከድሬዳዋ ይመጣል የተባለውም ቀረ። ቤቱ ብገባ፣ ገለምሶ ያለ አዳኝ ወዳጁ የላከለትን የሌላ መሣሪያ ባሩድ ወረቀት ላይ ዘርግቶ ያያል።

“በየነ፣ ይሄ ለሽጉጥ የሚሆን አይደለም፤ ተወው ባክህ” አልኩት።

“ባሩድ ያው ባሩድ ነው። ሳልለማመድ ሄጄ ሐረር ላይ ልዋረድ?” አለኝ። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፤ ሳቀብኝ።

በማግስቱ ብቻውን እንዳይሆን ብዬ አብሬው ወጣሁ። ከከተማው ዳር፣ ተራራው ሥር ዒላማውን ተከለና ተኮሰ። ድምፁ የሽጉጥ ድምፅ አልነበረም። ጭሱ ሲገፈፍ ሽጉጡም የለም፣ ጣቶቹም የሉም። እጁን በሸሚዜ ጠቅልዬ፣ ጫት የጫነ መኪና ለምኜ ሐኪም ቤት አደረስኩት። ቀኝ እጁን ከአንጓው ላይ ቆረጡት።

ሲነቃ መጀመሪያ የጠየቀኝ “መታሁት?” ብሎ ነው። ዒላማውን ማን ዞር ብሎ አይቶት!

“መሃሉን ነው የመታኸው” አልኩት።

ፈገግ አለ። ቆይቶ ግን ፊቴን ትኩር ብሎ አየና “ታዲያ ምን ያስለቅስሃል?” አለኝ። ዓይኔ ወደ ቀኝ እጁ ሲሄድ አየና፣ ብርድ ልብሱን በግራ እጁ ገለጠው።