እትዬ አይሆንም

እናቶች፣ አባቶች፣ የሟች ቤተሰቦች፣ የመሥሪያ ቤታችን ሰዎች፤ በዚህ ፀሐይ ቆማችሁ ስለምታዳምጡኝ አመሰግናለሁ።

ያን አበባ አይታችሁታል? ኃላፊያችን ናቸው የላኩት። ሪባኑ ላይ «ለታዛዧ ባልደረባችን» ይላል። ታዛዥ? እሷ? ቢሮው በሙሉ «እትዬ አይሆንም» እያለ የሚጠራት ሴት? ይቅርታ አድርጉልኝ፣ እኔ ይህን ቃል አላምነውም። ሰው ከሞተ በኋላ የሚመጣ ምስጋና ያጠራጥረኛል።

እኔና እሷ ጋብቻ መዝጋቢዎች ነበርን። ጠረጴዛችን ፊት ለፊት ነው። ሙሽሮች ይመጣሉ፣ ቃል ይገባሉ፣ አንዳችን እንፈርማለን። ከሙሽሮቹ አንዱ ቀድሞ አግብቶ የፈታ ከሆነ ግን እሷ አትፈርምም። «ሃይማኖቴ ፍቺን አይቀበልም» ትላለች። ሕጉ ደግሞ ፈርሚ ይላል። ታዲያ ምን ታደርጋለች? ሙሽሮቹን ወደ እኔ ታመጣለች። «ወንድሜ፣ አንተ ጨርስላቸው።»

እኔም ጨረስኩላቸው። ግን አላመንኳትም። እምነት ነው ወይስ ሥራ ማቅለያ? ለትልልቆቹ ሲሆን ዝም ብላ ትፈርም ይሆን? ዓይኔን ጥዬባት ኖርኩ። አንድ ቀን ከላይ ስልክ ተደወለ። የባለሥልጣን ልጅ ነው፣ ሚስቱን ፈቷል፣ ሌላ ሊያገባ ነው፣ ይፍጠንለት ተባለ። «አይሆንም» አለችና ስልኩን ለእኔ አቀበለችኝ። እሺ አልኩ በልቤ። ለሥጋ ዘመዷስ?

ብዙም አልቆየ፤ ይኸው እዚህ የቆመው ታናሽ ወንድሟ እጮኛውን ይዞ መጣ። ልጅቷ ቀድሞ አግብታ ፈታለች። አሁን ይለያል ብዬ ሥራዬን አቁሜ አየሁ።

«እህትዓለም፣ ለእኔም?» አላት።

«ላንተ ፈርሜ ሌላውን እምቢ ካልኩ፣ ሃይማኖት አይደለማ። ዘመድነት ነው።»

እሱ ፊቱን አዞረ። ሙሽራይቱ ግን በነጭ ቀሚሷ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ «እኔ ምን በደልኩሽ?» አለቻት። አለቀሰች። እትዬ አይሆንም መዝገቡን ወደ እኔ ገፋች። እኔ ፈረምኩ።

እነሱ እንደወጡ ኃላፊያችን ዘንድ ገባች። በሩ ክፍት ነበር፤ ሁላችንም ሰማን።

«ከዚህ ወንበር አንሱኝ» አለች።

«ምን አስቸኮለሽ? ባልደረባሽ ይፈርምልሽ የለ?»

«እሱ ይፈርማል። ያቺን ልጅ ያስለቀስኳት ግን እኔ ነኝ። እምነቴን አልተውም፤ ሰውም በእኔ እምነት ደጅ ላይ አይዋረድ።»

በደረጃም በደሞዝም ዝቅ ብላ ልደት መዝገብ ክፍል ወረደች። ተባርራ ነው የወረደችው ተብሎ ተወራ። ማን አስወራው? አላውቅም። ኃላፊያችን ግን ወሬውን ሲያስተባብሉ አልሰማሁም። ዛሬ አበባ ላኩ።

ሙሽራይቱ ከባሏ ጎን ቆማለች። ይቅር ብላት እንደሆነ አልጠየቅኳትም። እሱ የእሷ ጉዳይ ነው።

እህቴ፣ ልክ ነበርሽ ወይ ብትዪኝ ዛሬም አላውቅም። ብቻ ተንኮል ፈልጌብሽ አጣሁ። ከእንግዲህ ስላንቺ ብዙ ያማረ ነገር ይወራል፤ ግማሹን አላምንም። በዚህ ሁሉ የሥራ ዘመኔ ግን ሰዎች ወንበር ስጡኝ ሲሉ ሰማሁ እንጂ አንሱኝ ስትዪ የሰማሁት አንቺን ብቻ ነው።

ደህና ሁኚ፣ እህቴ።